ለሣባ የተሠራ አልጋ

መኩሪያ መርዶውን ቀድሞ ያወቀው በዓይኑ ነው። ወሎ ሰፈር በሚሠራበት ጋራዥ፣ አንዲት አሮጌ ፊያት ሥር በጀርባው ተንጋሎ የተጎደጎደ ወለሏን በመዶሻ ያቃና ነበር። በጎማዎቹ መካከል በምትታየው ጠባብ ብርሃን ላይ ጫማዎች መጥተው ቆሙ። አንዱ የጋራዡ አለቃ ዘይት የጠጣ ጫማ ነው። ሌላው ጥቁር፣ የተወለወለ፣ አፍንጫው ላይ የተሰነጠቀ የጋሽ ሽፈራው ጫማ። ጋሽ ሽፈራው የመኩሪያ ጎረቤትና የሰፈሩ እድር ዳኛ ናቸው፤ ይህን ጫማ ለቤተ ክርስቲያንና ለቀብር ካልሆነ አያወጡትም። ቀኑ ደግሞ ረቡዕ ነበር።

መኩሪያ ጫማዎቹን አይቶ መምታቱን አላቆመም። እየመታ እስካለ ድረስ ማንም ምንም ሊለው አይችልም። ሰዎቹም ይህን ያወቁ ይመስል አልጠሩትም፤ ቆመው ጠበቁት። ክንዱ ሲዝል መዶሻውን ደረቱ ላይ አስቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ወጣ።

«ሴት ልጅ ተገላግላለች» አሉ ጋሽ ሽፈራው፣ ወደ ግራ ጆሮው ጠጋ ብለው። «ልጅቱ ደህና ናት።»

«እሷስ?»

ጋሽ ሽፈራው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ደሙ አልቆም አለ፣ ልጄ።»

መኩሪያ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ፤ ጨረሰና እንደገና ከአውራ ጣቱ ጀመረ። የጋራዡ አለቃ ጨርቁን ከእጁ ቀስ ብሎ ወሰደለት።

መኩሪያ ባትላሜራ ነው። በጉርምስናው ከመንዝ አዲስ አበባ መጥቶ ያገኘው የመጀመሪያ ሥራ የተጋጨ መኪና ቆርቆሮ ማቃናት ነበር፤ ሌላ ሥራ ሳይሞክር ጎልማሳ ሆነ። መዶሻው እንጀራውን ሰጥቶ ጆሮውን ወሰደበት። የቀኙ ከተዘጋ ቆይቷል። በግራው ሲሰማ ደግሞ ሰው ሁሉ ከግድግዳ ወዲያ ቆሞ የሚያወራ ይመስለዋል። እንቅልፍ ከወሰደውማ ቤቱ ቢፈርስ አይሰማም።

ሚስቱ ኣብርሀት ከአዲግራት የመጣች ልብስ ሰፊ ነበረች። ሲያጫት ይህንን ጉዳቱን አልደበቃትም። «እኔ እሰማልሃለሁ» አለችው፤ ሰማችለትም። ሁልጊዜ በግራው በኩል ትቀመጣለች። ሰው በር ሲመታ ጉልበቱን ነካ ታደርገዋለች። ጠዋት ጠዋት ትከሻውን ወዝውዛ ትቀሰቅሰዋለች። ልጅ ዘግይቶባቸው ዓመታት በጠበልና በስለት አለፉ። ልጁ በመጨረሻ ተረግዞ፣ በ1981 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ምጥ ሲይዛትም ወዝውዛ የቀሰቀሰችው እሷው ነበረች። ሰዓት እላፊው እስኪያልቅ መውጣት አይቻልም፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሲነጋ ታክሲ ተገኘና ሐኪም ቤት ገባች። ወንድ እዚህ አይቆምም፣ ከሰዓት በኋላ ተመለስ አሉት። እህቷ አስመረት አጠገቧ ቀረች። እሱ ሰዓቱን የሚገፋበት ቢያጣ ወደ ጋራዡ ሄደ።

እድሩ ድንኳን ተከለ። ሴቶቹ የባልና የሚስቱን አልጋ ነቅለው ጓሮ አወጡት፤ ለቅሶ ቤት አልጋ አይዘረጋም፣ ሐዘንተኛ መሬት ነው የሚተኛው። ክፍሉ ከጥግ እስከ ጥግ በፍራሽ ተሞላ። ከቀብሩ ማግስት አስመረት ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልላ ከሐኪም ቤት ስታመጣት የምትተኛበት ቦታ እዚያው ፍራሽ ላይ፣ ከደብረ ሲና በመጡት በመኩሪያ አክስት በእትዬ ፈለቀች ጎን ሆነ። ኣብርሀት ሴት ከወለድኩ ሣባ ነው ስሟ ብላ ስለነበር ሣባ ተባለች።

ጡት የሰጠቻት ዘሃራ ናት። ዘሃራ ከመኩሪያ ጋር በአንድ ግድግዳ የምትዋሰን ጎረቤት ስትሆን አምስተኛ ልጇ ገና ጡት አልተወም። እትዬ ፈለቀች መጀመሪያ ፊታቸውን አጠቆሩ።

«ክርስትና ሳትነሳ የእስላም ጡት ይሁን እንግዲህ?»

«እትዬ፣ ወተቱ ሃይማኖቱን አልነገረኝም» አለች ዘሃራ ልጅቱን እያስተካከለች። «ዝም ብሎ ይወርዳል። ካላመኑ ይቅመሱት።»

ከሞት ወዲህ በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሳቀ። እትዬ ፈለቀችም ከንፈራቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ከዚያ በኋላ ልጅቱ በራባት ቁጥር ግድግዳውን በጡጫ እየመቱ «አንቺ ዘሃራ! እንግዳሽ ተቆጣች!» ማለት የሳቸው ሥራ ሆነ።

በሠልስቱ ዕለት፣ ጎህ ሲቀድ፣ መኩሪያ ለእግዜር ይማርሽ የሚመጣውን ሰው ለመቀበል ተነሣ። ሴቶቹ ሲያለቅሱ አድረው እንደ ድንጋይ ተኝተዋል። እትዬ ፈለቀች ተገላብጠዋል። ትከሻቸው ከሕፃኗ ጋቢ ላይ ነው፤ ከጋቢው በታች የሚታይ ፊት የለም። መኩሪያ አክስቱን በሁለት እጁ ገፍቶ ጋቢውን ገለጠ። ሌላ ሰው ቢሆን እስትንፋሷን ያዳምጥ ነበር። እሱ ግን መዳፉን አፏ ላይ ዘርግቶ ጠበቀ። ቆይቶ ቆይቶ ትንሽ ሙቀት መዳፉን ነካው።

«ምን ሆንክ?» አሉ እትዬ ፈለቀች ተደናግጠው።

«ተኝተውባት ነበር።»

«እኔ? ስንቱን ያሳደግኩ ሴት!» አሉ። ወዲያው ግን ድምፃቸው ወረደ። ከወለዷቸው ልጆች ሁለቱ በጨቅላነታቸው እጎናቸው ተኝተው ሲነጋ ሞተው ነበር የተገኙት፤ እግዜር ወሰዳቸው ተብሎ ነበር። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተቀመጡ፤ እስኪነጋ ድረስ ተመልሰው አልተኙም።

በዚያው ዕለት ድንኳኑ እንደተነቀለ አስመረት በሽማግሌዎቹ ፊት ተናገረች። አስመረት የኣብርሀት ታላቅ ናት፤ ጉርድ ሾላ ትኖራለች፣ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፕ ትመታለች። ልጅ የላትም።

«ሣባን እኔ እወስዳለሁ» አለች። «አዲግራት እናታችን ዘንድ እንዳልሄድ በጦርነቱ መንገዱ ዝግ ነው። መርዶውን እንኳ የሚያደርስ የለም። ከእህቴ የቀረችኝ ይቺ ብቻ ናት።»

«ለእኔስ ምን ቀረኝ?» አለ መኩሪያ።

«አንተ ወንድ ነህ። የት ታስተኛታለህ? ከጎንህ? ብትጫናት ጩኸቷን በምን ትሰማለህ?»

ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት አየ። መኩሪያ ግን አልተቆጣም፤ ጠዋት ያየውን ያውቃል። «የራሷ አልጋ ይኖራታል» አለ።

ጋሽ ሽፈራው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅቱ የሰማንያ ቀን ክርስትናዋ እስኪደርስ እዚሁ ትሁን። ያኔ ደልቷት ካየን ከአባቷ ጋር ትቀራለች። ካልደላት፣ መኩሪያ፣ አንተው ራስህ ወስደህ ትሰጣለህ። እኛ አንነጥቅህም።»

«እሰጣለሁ» አለ መኩሪያ።

እንግዲህ አልጋ ፍለጋ ተጀመረ። የጋራዡ ጓደኞቹ ከውኃ ቧንቧ በይደን እንሥራልህ አሉት። እሱ ብረት ያውቃል። ክረምት ሲገባ ብረት ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ሲጠጣ እንደሚያድር፣ ብየዳ የቱንም ያህል ቢሞረድ አንድ የረሳኸው እሾህ እንደማይጠፋበት ያውቃል። አመሰግናለሁ ብሎ ተወው።

ዘሃራ ደግሞ ወሬ ይዛ መጣች። ቦሌ መንገድ ውስጥ ወደ አገሩ የሚሄድ ፈረንጅ ዕቃውን እየሸጠ ነው፤ የሕፃን አልጋም አለው። አብረው ሄዱ። ዘበኛው ጋራዥ ውስጥ አስገብቶ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ በአራት ጎማ የሚሽከረከር የብረት አልጋ አሳያቸው። ያምራል። አንዱ ጎኑ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወደ ላይ ሲነሣ በመያዣ ይቆለፋል።

«ሦስት ልጅ አድጎበታል» አለ ዘበኛው።

መኩሪያ ተንበርክኮ መያዣውን ከፈተው፣ ዘጋው። ከፈተው፣ ዘጋው። ጥርሱ ተበልቷል፤ በጉልበት ሲጫነው ጎኑ በራሱ ወረደ። ቀለሙን በጥፍሩ ፋቅ ሲያደርገው ከነጩ ሥር አረንጓዴ ወጣ፣ ከአረንጓዴው ሥር ሌላ ቀለም፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ መሬት ወደቀ። ጥርስ የምታወጣ ልጅ ያገኘችውን ሁሉ እንደምታኝክ ዘሃራ ነገረችው። እሷ ደግሞ ዘንጎቹን ታያለች። በሁለቱ መካከል ጡጫዋን አስገባች። ያለ ችግር አለፈ።

«ይኼ ገላዋን ያሳልፋል» አለች። «ጭንቅላቷ ሲደርስ ይይዛታል። ከዚያ ተንጠልጥላ ትቀራለች።»

«ሦስት ልጅ አድጎበታል አልኩሽ እኮ!»

«ወንድሜ፣ አራተኛ ቢኖርስ መጥቶ ይነግረናል?»

ዘበኛው አማተበ። መኩሪያ አልጋውን መልሶ ወደነበረበት ገፋና ወጡ።

ገብረሰንበት የሚባል እንጨት ሠሪ ጉርድ ሾላ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ነበር የሚሠራው። ተጫዋች ሰው ነው፤ ጆሮው ላይ እርሳስ ይሰካና ሲያወራ ስለሚረሳው ሲፈልገው ይውላል።

«ለስንት ዓመት ልጅ ነው?»

«ገና ጨቅላ ናት» አለ መኩሪያ።

«ጨቅላ! ታዲያ ቅርጫት አይበቃትም?»

«ቅርጫት ለሽንኩርት ነው» አለች ዘሃራ።

ገብረሰንበት ሳቀና ባሕር ዛፍ አነሣ። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሲጣመም ይሰነጠቃል ብሎ መኩሪያ እምቢ አለ። ጽድ ሽታው ያንገበግባል አለች ዘሃራ። ከጥግ አንድ የዋንዛ ሳንቃ ወጣ፤ የቆየ፣ የደረቀ። መኩሪያ በመዳፉ ዳሰሰው፤ ይኼ ይሁን አለ።

«እግሩን ላስረዝመው? አጎንብሰህ ከምታነሣት ወገብህ ያርፋል።»

«አሳጥረው። መሠረቱን ግን ሰፋ አድርገው፤ ከባድ ይሁን። ቢገፉትም እንዳይነቃነቅ።»

«ዘንጎቹስ? በስንት በስንት ላራርቃቸው?»

«በሦስት ጣት» አለች ዘሃራ እጇን ዘርግታ። «የኔን ጣት ለካ። የሱን እንዳትለካ፣ የሱ ጣት የመኪና ነው።»

«ጎኑ ደግሞ ከፍ ይበል» አለ መኩሪያ። «ይዛ ስትቆም ደረቷ ድረስ ይምጣ። እንዳትንጠለጠል።»

«ጨቅላ ናት አላልከኝም? ይቺ አሁን ልትቆም ነው?»

«ትቆማለች» አለ መኩሪያ።

ገብረሰንበት አየውና ለመጀመሪያ ጊዜ በመኩሪያ ጥቁር ሸሚዝ ላይ ዓይኑ አረፈ። እርሳሱን ፈልጎ ከጆሮው ላይ አገኘው። ከዚያ በኋላ አልቀለደም።

አልጋው ተሠርቶ ሲያልቅ መኩሪያ ሊያየው ሄደ። ከዘሃራ ያመጣትን ትንሽ ጥጥ ከኪሱ አወጣና በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ከውስጥም ከውጭም አሳለፈው። ጥጡ ያዝ ባደረገበት ቦታ ሁሉ ገብረሰንበት በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው። ሚስማር የለበትም፤ የተያያዘው በእንጨት ችንካርና በሙጫ ነው። ቀለም አልተቀባም። መኩሪያ ሁለት እጁን ጎኑ ላይ አድርጎ በሙሉ ኃይሉ ቢወዘውዘው አልተንቀሳቀሰም።

«ቤቱ ቢንቀጠቀጥ ይኼ አይንቀጠቀጥም» አለ ገብረሰንበት።

የረሱት አንድ ነገር ነበር። ዐርባው ገና አልወጣም። መኩሪያ አልጋውን በጋሪ አስጭኖ ሰፈር ሲደርስ፣ ቤቱ ለማጽናናት በመጡ ሴቶች ተሞልቷል፤ አስመረትም አለች። ሁለት ሰው አልጋ ተሸክሞ በለቅሶ ቤት በር ሊገባ ሲል ወሬው ቀጥ አለ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለች አስመረት ተነሥታ። «አልጋ? እህቴ አፈሯ ሳይደርቅ? የሷን አልጋ ነቅላችሁ አወጣችሁ፣ አሁን ሌላ ታስገባላችሁ?»

«ለልጅቱ ነው» አለ መኩሪያ።

«ለማንም ይሁን! ሰው ሁሉ መሬት ተኝቶ! ዛሬ አልጋ፣ ነገ ሙሽራ ታስገባለህ!»

የመኩሪያ ፊት ተለወጠ። የሰማው ግማሹን ነበር፤ ግማሹ ግን በቂ ነው። አልጋውን አልለቀቀም፤ ወደ ውስጥም አልገፋም። ደጃፉ ላይ ይዞት ቆመ። ጋሽ ሽፈራው ተጠርተው መጡ። አልጋውን ዞረው አዩት።

«የኔ ልጅ» አሏት አስመረትን፣ «መሬት የምንተኛው ለሐዘን ነው። ይቺ ማንን አጣሁ ብላ ትዘን? እናቷን መች አወቀችና? እኛ እንዘንላት፣ እሷ ትተኛ። ደግሞም ይኼን አልጋ ልብ ብለሽ እዪው። ደስ ያለው ሰው እንዲህ ያለ አልጋ አያሠራም።»

አስመረት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ተቀመጠች። አልጋው ገባ።

መኩሪያ ራሱ ከአልጋው አጠገብ መሬት ላይ ነው የሚተኛው። ዘሃራ ለትንሹ አልጋ ፍራሽ አዳሽ ከመንገድ ጠርታ ጥጡን ጠቅጥቆ እንዲሞላው፣ ከዳር እስከ ዳር ጣት የምታስገባ ቀዳዳ እንዳይኖር እላዩ ላይ ቆማ አሠራችው። እትዬ ፈለቀች ትራስ ሰፍተው ነበር፤ ፊቷን እንዳያፍናት ብሎ መኩሪያ አወጣው። በማግስቱ ከፍራሹ ሥር፣ በራስጌዋ በኩል፣ ቢላ አገኘ።

«ብረት ከራስጌዋ ካልኖረ ክፉ መንፈስ ይነካታል» አሉ አክስቱ።

መኩሪያ ቢላውን በሩ ጀርባ ሰቀለው። «ገና ከበሩ ይመለስ ብዬ ነው» አላቸው። እትዬ ፈለቀች አሰቡበትና ተስማሙ።

እነዚያ ሳምንታት ደህና ነበሩ ማለት ይቻላል። ልጅቱ ወፈረች። መኩሪያ ከጋራዥ ሲመለስ ታጥቦ በዘንጎቹ መካከል ጣቱን ያስገባላታል፤ ትይዘዋለች። ሌሊት ስታለቅስ እትዬ ፈለቀች ይሰማሉ፤ ግድግዳ ይመታሉ፤ ዘሃራ ትመጣለች። ዐርባው ወጣ። ሽማግሌዎቹ መጥተው ልጅቱን አይተው ደስ ብሏቸው ሄዱ። አስመረት እንኳ አንድ ቀን ቆማ አልጋውን በእጇ ዳሰሰችው።

ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ከደብረ ሲና ሰው መጣ። የእትዬ ፈለቀች ባለቤት ታመዋል፤ ሚስታቸው በአስቸኳይ ይምጡ ተባለ። እትዬ ፈለቀች ልጅቱን ስመው፣ መኩሪያን ስመው፣ አልቅሰው አውቶቡስ ተሳፈሩ።

መኩሪያ ያንን ሌሊት አስቀድሞ አስቦበት ነበር። ዘሃራ ዘንድ እንዳያሳድራት ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ አምስት ልጅና ሁለት አዋቂ በሁለት ፍራሽ ይተኛሉ። «የራሴንም የሚጠብቅልኝ አላህ ነው፤ የኣብርሀትን ልጅ ጨምሬ አልደፍርም» አለችው ዘሃራ በግልጽ። «ስታለቅስ ከሰማሁ ግን እመጣለሁ፤ ትርፍ ቁልፍ ስጠኝ።» ሰጣት።

እሱን ከእንቅልፍ የሚያነቃው መነካት ብቻ ነው። ስለዚህ ሲባጎ ገዛ። አንዱን ጫፍ የእጁ አንጓ ላይ፣ ሌላውን የአልጋው ዘንግ ላይ አሠረ። ልጅቱ ስትፈራገጥ አልጋው ይነቃነቃል፣ ሲባጎው ይስበኛል ብሎ ነው። ሊሞክረው ፍራሹን በእጁ ደበደበ። አልጋው አልተነቃነቀም። እንዳይነቃነቅ ተብሎ የተሠራ ነው። ጥቂት አሰበና ሲባጎውን ከዘንጉ ፈትቶ፣ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ እግሯ ላይ አሠረው። አላጠበቀውም፤ ትንሿን ጣቱን አስገብቶ አይቷል። ከዚያ መሬት ላይ ጋደም አለ።

ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ወረደ። የቆርቆሮ ጣሪያ በዝናብ ሲመታ ጤነኛ ጆሮ ያለውም ሌላ ነገር አይሰማም። ዘሃራ አልሰማችም። ሲነጋ ዝናቡ ሲያባራ ነው በግድግዳው በኩል አንዲት የደከመች፣ የተቆራረጠች ድምፅ የሰማችው። በሩን መታች፤ መልስ የለም። በቁልፏ ከፍታ ገባች።

መኩሪያ ተኝቷል። ሲተኛ እንደ ልማዱ ወደ ግድግዳው ዞሯል፤ ሲባጎው ተወጥሯል። ልጅቱ ወደ አልጋው ጠርዝ ተጎትታ አንድ እግሯ በዘንጎቹ መካከል ወጥቷል። ጨርቁ ተንሸራቶ ወልቋል። ሲባጎው ቁርጭምጭሚቷን አንቆታል፤ እግሯ ጠቁሯል። ለቅሶው ከጉሮሮዋ መውጣት አቅቶታል።

ዘሃራ አልጮኸችም። ቢላው በሩ ጀርባ ነበር፤ በሱ ቆረጠችው። መኩሪያ የነቃው ሲባጎው እጁ ላይ ሲላላ ነው። ቀና ሲል ዘሃራ መሬት ቁጭ ብላ፣ ልጅቱን ጡቷ ላይ አድርጋ፣ ትንሿን እግር በመዳፏ ታሻለች። መኩሪያ ከሲባጎው ወደ ልጅቱ እግር፣ ከእግሯ ወደ ሲባጎው አየ።

«ደም እየተመለሰላት ነው» አለችው ዘሃራ ጮክ ብላ፣ እንዲሰማት። «አየህ? እየቀላ ነው። ደህና ናት።»

«ስታለቅስ ነው ያደረችው?»

ዘሃራ መዋሸት ፈለገች። «እንጃ» አለች። «እኔም አልሰማሁም።»

መኩሪያ የእጁን ሲባጎ ሊፈታ ሞከረ፤ ጣቶቹ እምቢ አሉት። ዘሃራ በአንድ እጇ ፈታችለት።

የዚያን ዕለት ጋራዥ አልሄደም። የልጅቱ እግር ደህና መሆኑን ጤና ጣቢያ ወስዶ አሳየ፤ በሲባጎ ያሠርኳት እኔ ነኝ ብሎ ተናገረ። ከዚያ ጋሽ ሽፈራው ቤት ሄደ። ክርስትናው ገና ሁለት ሳምንት ይቀረው ነበር።

«ቀኑ አልደረሰም» አሉ ጋሽ ሽፈራው።

«ለኔ ደርሷል።»

«ሠራተኛ ብትቀጥርስ? ሌላ ዘመድ ብታስመጣስ?»

«እትዬ ፈለቀችን ጆሮ አድርጌ ነበር ጋሼ። ነገ ሌላ ሰው ጆሮ አደርጋለሁ፤ እሱም ይሄዳል። አንድ ሌሊት ብቻዬን ስሆን ይኼው ነው። ኣብርሀት አንድ ልጅ ብቻ ናት የተወችልኝ።»

ጋሽ ሽፈራው ጥቁሩን ጫማቸውን አደረጉና ተነሡ። አልጋው እንደገና ጋሪ ላይ ወጣ። ዘሃራ ልጅቱን ታቅፋ፣ መኩሪያ ፍራሹን ተሸክሞ፣ ጋሽ ሽፈራው ጃንጥላ ይዘው፣ በጭቃው መንገድ ጉርድ ሾላ ደረሱ። አስመረት በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው አልጋውን ነው። ምን እንደሆነ ሳይነገራት ገባት። ጠረጴዛዋን ገፍታ፣ መስኮት በሌለበት ግድግዳ በኩል፣ ነፋስ በማይመጣበት ጥግ ቦታ አደረገችለት። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ የዘንጎቹን ዝናብ አንድ በአንድ ጠረገች።

«በዚያ ቀን የተናገርኩህ...» አለች መኩሪያን።

በቀኙ በኩል ስለቆመች አልሰማትም። ዘሃራ ልትነግረው አሰበችና ተወችው።

«እስክትራመድ ነው» አለ መኩሪያ፣ ልጅቱ ከተኛች በኋላ። «ከአልጋዋ ወርዳ መጥታ እስክትነካኝ ድረስ። ስታለቅስ አትጠራኝም፤ መጥታ ትወዘውዘኛለች። ያኔ እወስዳታለሁ። ከክረምት በኋላ።»

«እሺ» አለች አስመረት። የትኛው ክረምት ብላ አልጠየቀችም።

ሣባ ጡጦ ለመደች፤ በቀኗም ክርስትና ተነሣች። ጥርስ አወጣች፤ የዋንዛውን ጎን ከላይ በኩል እንደ አይጥ ቆርጥማዋለች፣ ምንም አልሆነችም። ይዛ ቆመች፤ ጎኑ ደረቷ ላይ መጣ። ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት መራመድ ጀመረች። መኩሪያ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጉርድ ሾላ ይሄዳል። ትሮጥና ጉልበቱን ትይዛለች፤ ሲመሽ ደግሞ ጫማውን ከበሩ አንሥታ ታመጣለታለች፣ መሄጃው መድረሱን አውቃ። አስመረትን እማዬ ትላታለች። እሱን አስመረት እንደምትጠራው መኩሪያ ብላ ትጠራዋለች፤ እኩያዋ እንደሆነ ሁሉ። ሰው ሲስቅ እሱም ይስቃል።

ወሎ ሰፈር ባለው ቤት የባልና የሚስቱ አልጋ ተመልሶ ገብቷል። ከጎኑ ለትንሹ አልጋ የሚበቃ ቦታ ባዶውን አለ፤ ዘሃራ ዕቃ እንዳይቀመጥበት ትከላከላለች። «መቼ ነው እንግዳዬ የምትመጣው?» ትለዋለች።

«ከክረምት በኋላ» ይላታል።

ክረምቱ ሁለት ጊዜ ገብቶ ወጥቷል። ልጅቱን እስካሁን አላመጣትም።